በነፍስ ወከፍ አንድ እንጨት

ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ ቺያቱራ፣ አንድ ማታ፣
ተሰበሰብን አራት ሆነን በጎቻ ገበታ፤
ወይኑ ሦስቴ ዞሮ፣ ወሬው ሲሟሟቅ፣
ቴንጊዝ ጠየቀን፣ ሊያስቀን፣ ራሱም ሊስቅ፦
«ከዚያ ከተማሪነት፣ ከዚያ ሁሉ ዘመን፣
ከሁሉ አብልጣችሁ የጠላችሁት ምን?»

ጎቻ ቀደመ፣ «እኔ ያን ሽቦ ላይ የሚሄድ ሣጥን፣
መብራት በጠፋ ቁጥር ገደል መሃል የሚያንጠለጥለን!
ለሂሳብ ፈተና በጠዋት ተነሥቼ፣
አንድ ሰዓት ሙሉ አየር ላይ ተጎልቼ፣
ስወርድ ወረቀቱ ተሰብስቦ አጣሁ፤
ሰማይ ቤት ደርሼ ዜሮ ይዤ መጣሁ።»

ኢያ ቀጠለች፣ «እኔስ የስፖርቱን ሱሪ!
እናቴ ከመጋረጃ የሰፋችልኝን፤ ኖዳር፣ ያ አስተማሪ፣
‹መስኮታችን መጣች!› እያለ ሲያስሮጠኝ፣
ዛሬም ትልልቅ ጽጌረዳ ሳይ ላብ ነው የሚያሰምጠኝ።»

ቴንጊዝ ራሱ የኬሚስትሪዋን ሴትዮ ዝምታ አነሣ፣
ጣቷ ስም መጥሪያው ላይ ሲወርድ፣ ሲወርድ፣ ትንፋሻችንን ስንረሳ።

ሳቁ ብርጭቆውን አንቀጠቀጠው። እኔ በጣቴ
የዳቦ ፍርፋሪ እሰበስባለሁ፣ እበትናለሁ። «አንቺስ እቴ?
አንቺስ ማቅቫላ?» አለ ጎቻ።
ጠፋኝ አንደበቴ።

ምን ልበል? ያ የበረዶ ወር ነው የመጣብኝ፣ ጋዝ የጠፋበት፣
ዳይሬክተሩ በሩ ላይ በጠመኔ የጻፈበት፦
«በነፍስ ወከፍ አንድ እንጨት። ያልያዘ አይገባም።»
የዚያ ምድጃ ሆድ ሰፊ ነው፣ በወረቀት አይጠግብም።
ጎቻ ከአባቱ ማዕድን ጉድጓድ፣ የዋሻ መደገፊያ ግንድ፣
ቆርጦ ያመጣ ነበር፣ ሬንጅ የጠጣ፣ ቶሎ የሚነድ፤
እኔ የወይን ሐረግ፣ በክር የታሰረ፤
ላማራ የወንበር እግር፣ አንበሳ መዳፍ የነበረ።
በሳምንቱ የመጽሐፍ መደርደሪያ፣ ከነምስማሩ፤
ከዚያ የመሳቢያ ፊት፣ የጣት ወዝ የጠገበ ዳሩ፤
ከዚያ የሕፃን አልጋ አጥር፣ ሰማያዊ የተቀባ፣
ቀለሙ እሳት ሲነካው አረፋ እያወጣ የሚያነባ።

እኛም ስም አወጣንላት፣ «አናጢዋ» አልናት።
«ነገ ደግሞ ጣራውን?» ብዬ በሰው ፊት የጠየቅኋት
እኔ ነኝ። ጎቻ አይደለም። ኢያም አይደለች።
ላማራ መዳፏን ለእሳቱ ዘርግታ ዝም አለች።

የካቲት መጨረሻ አረንጓዴ ጣውላ ይዛ መጣች፤
አሥራ አራት የሚል የነሐስ ቁጥር አለበት። ቆመች፣
በሳንቲም ጠርዝ ብሎኑን ፈትታ ቁጥሩን ኪሷ ከተተች፣
ጣውላውን ለምድጃው ሰጠች።
ደረቅ ነበር፣ የቆየ። እንዴት ነደደ! ካፖርታችንን አወለቅን።
ሞቆን አያውቅም እንደዚያ ቀን። ሳቅን፣ ሳቅን፣ ሳቅን።

በማግሥቱ ስሟ ሁለቴ ተጠራ። በሦስተኛው ቀን ተሰረዘ።
ግሪክ ነው አሉ፤ ሌላው ሩሲያ፤ ወሬው እዚያው ቀዘቀዘ።
እኔ አምስተኛ ፎቅ ወጣሁ፣ ምን ፍለጋ እንደሆነ ሳላውቅ፤
አሥራ ሦስት አለ፣ አሥራ አምስት አለ፤
መሃላቸው ነፋስ ይገባል፣ ይወጣል፣ ፈቃድ ሳይጠይቅ።
ሁለት ማጠፊያ ቀርቷል። ውስጡ፣ ግድግዳው ላይ፣ በየቦታው፣
ፀሐይ ያላገኘው ወረቀት፣ አራት ማዕዘን፣ የዕቃው ሁሉ ጥላው።
ላንኳኳ እጄን አንሥቼ ነበር።
የማንኳኳው አልነበረም።

«ማቅቫላ!» አለ ጎቻ። ቀና አልኩ። «ኬሚስትሪ» አልኩት።
ሳቁ። ሳቅኩ። የዘረጋልኝን ጽዋ ተቀበልኩት።
አንድ ግንድ አነሣና ምድጃው ውስጥ ጨመረ፣
የሁሉም ፊት እንደ ልጅ ፊት ቀልቶ አማረ።
«ብርድ ነው፣ ቀረብ በይ እንጂ» አለኝ።
ወንበሬን ወደ ኋላ ሳብኩ።
«ይሞቀኛል» አልኩ።